የዝምታው ዘመን በተበዳዩ ላይ ሊቆጠር አይገባም

የአንድ አገር ፍትሕ ጥንካሬ የሚለካው አቅመ ደካማው አቤት ባለ ጊዜ በሚያገኘው መልስ ነው። በአገራችን ነባር ልማድ የተጠቃ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮህ አጥቂው እጁን እንዲሰበስብ፣ በአካባቢው የተገኘውም ሰው ቆሞ እንዲገላግል ይገደድ ነበር። ይህ ጥሪ ዋጋ የሚኖረው ግን ጩኸቱን የሚሰማ ጎረቤት፣ ነገሩን የሚመረምር ዳኛ ሲኖር ነው። በታጠረ ግቢ ውስጥ የሚያድግ፣ ከእናትና ከአባቱ የተለየ፣ የሕግንም የአምላክንም ስም ከበዳዩ አፍ ብቻ የሚሰማ ሕፃን በማን ስም ይጮኻል? ማንስ ይደርስለታል?

ይህን ጥያቄ የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በሃይማኖት ስም በተቋቋሙ ዝግ ማኅበራት ውስጥ በልጅነታቸው የተበደሉ ሰዎች ጎልማሶችና አረጋውያን ከሆኑ በኋላ በልዩ ልዩ አገሮች የፍርድ ቤት ደጅ እየጠኑ ይገኛሉ። ብዙዎቹም የሚሰጣቸው መልስ «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? ጊዜው አልፏል» የሚል ነው። የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ዝምታውን በኃይል የፈጠረው በዳዩ ሆኖ ሳለ የዝምታው ዘመን በተበዳዩ ላይ ሊቆጠር አይገባም። እንዲህ ያለው ቆጠራ ወንጀለኛውን በገዛ ወንጀሉ ተጠቃሚ ያደርገዋልና።

ለዚህ አቋማችን ማስረጃ የሚሆነን በደቡብ አሜሪካ፣ በቺሊ የተፈጸመው ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፓውል ሼፈር የተባለ ጀርመናዊ ሰባኪ በአገሩ የወጣቶች ማሳደጊያ ከፍቶ ሲሠራ በሕፃናት ላይ የወሲብ ጥቃት ፈጽሟል የሚል ክስ ቀረበበት። ሕግ ሲፈልገው በ1961 ወደ ቺሊ ሸሸ። ብዙ ተከታዮቹም ልጆቻቸውን ይዘው ተከተሉት። ከዋና ከተማይቱ ከሳንቲያጎ በስተ ደቡብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ፓራል በተባለች ከተማ አቅራቢያ ሰፊ መሬት ይዘው ሠፈር ቆረቆሩ። የነዋሪዎቹ ቁጥር 300 ያህል ነበር። የሠፈሩ ስም «ኮሎኒያ ዲግኒዳድ» ተባለ፤ ትርጉሙም «የክብር ሠፈር» ማለት ነው። በመንግሥት መዝገብ የሠፈረው በበጎ አድራጎትና በትምህርት ማኅበርነት ነበር።

ከዚህ የክብር ስም በስተጀርባ የነበረው ኑሮ ግን ክብር የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ ተለያየ። ሕፃናት በዕድሜና በጾታ ተከፋፍለው በየቡድኑ ቤት እንዲያድጉ ተደረገ፤ እናት ልጇን አቅፋ የማሳደር መብቷን ተነጠቀች። ጋብቻ ያለ ሼፈር ፈቃድ አይፈጸምም ነበር። እያንዳንዱ ሰው ያሰበውንና ያደረገውን ሁሉ ለእርሱ እንዲናዘዝ ይገደድ ስለ ነበር፣ ኑዛዜ የነፍስ መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ የስለላ መረብ ሆነ። ሕፃናቱ «አጎት» እያሉ እንዲጠሩት ተደረገ። ይህ አጎት ተብዬ ወንዶቹን ልጆች ለዓመታት አስነወራቸው። ያመፀ ይደበደባል፤ አእምሮ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንዲወስድ ይገደዳል፤ በኤሌክትሪክ ይሠቃያል። ዙሪያው በሽቦ አጥር፣ በመጠበቂያ ማማና በውሻ የሚጠበቅ ስለ ነበር ማምለጥ የማይታሰብ ነበር።

ከዚህም ሌላ ሊሰመርበት የሚገባ ነገር አለ። ትልቁም ትንሹም ከማለዳ እስከ ምሽት በእርሻው፣ በወፍጮውና በአውደ ጥናቱ ይሠራ ነበር። ለዚህ ሁሉ ልፋት ደመወዝ አይከፈለውም። «ሥራ ለአምላክ የሚቀርብ አገልግሎት ነው» በሚል ስብከት የሕፃናት ጉልበት ለአሥርት ዓመታት በነፃ ተበዘበዘ። በላቡ የሚያድር ሠራተኛ ሁሉ የዚህን በደል ክብደት ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

ይህ ሁሉ እንዴት ሳይጋለጥ ቆየ? ሠፈሩ በአካባቢው ድኻ ገበሬዎች ዘንድ የነበረው ገጽታ ሌላ ነበር። ሆስፒታል ከፍቶ በነፃ ያክማል፤ ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተምራል። ልጁ የታከመለት ገበሬ ምስጋናውን እንጂ ጥርጣሬውን ለመናገር አይደፍርም። በ1973 የጄኔራል አውጉስቶ ፒኖሼ ወታደራዊ መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ደግሞ ሠፈሩ የበለጠ ጠባቂ አገኘ። «ዲና» የተባለው የምሥጢር ፖሊስ ሠፈሩን የፖለቲካ እስረኞች ማሰቃያና መግደያ ቦታ አደረገው። የሠፈሩ መሪዎች ለባለሥልጣኖቹ ባለውለታ ሆኑ፤ ባለሥልጣኖቹም የሠፈሩን ምሥጢር ጠበቁ። ወንጀል ከወንጀል ጋር ሲወዳጅ የሕፃናት ጩኸት ማንም ዘንድ አልደረሰም።

አንዳንድ ወገኖች «ተበዳዮቹ ለምን በጊዜው አልተናገሩም?» ሲሉ ይጠይቃሉ። የታሪኩ መዝገብ ግን ይህን ጥያቄ ወደ ጠያቂው ይመልሰዋል። በ1966 አንድ ወጣት አምልጦ በውስጥ የሚፈጸመውን ለዓለም ተናገረ፤ በቂ ሰሚ አላገኘም። በ1977 አምነስቲ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በጀርመን ስለ ሠፈሩ ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ሠፈሩ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ቀረበና ክርክሩ በቦን ፍርድ ቤት 20 ዓመት ያህል ተጓተተ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ያመለጡ ሰዎች በ1988 በጀርመን ምክር ቤት ፊት ቀርበው መሰከሩ፤ ሠፈሩ ግን አልተዘጋም። በሳንቲያጎ የነበረው የጀርመን ኤምባሲም ለገዛ ዜጎቹ መከታ አልሆነም። በ2016 የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ፍራንክ ቫልተር ሽታይንማየር ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የነበሩት ዲፕሎማቶች ቢያንስ አይተው እንዳላዩ ማለፋቸውን በይፋ አምነዋል። እንግዲህ ለሃምሳ ዓመታት ያህል የጠፋው ተናጋሪ አልነበረም፤ የጠፋው ሰሚ ነበር።

የሠፈሩን ግንብ መሰንጠቅ የጀመረው ማን እንደ ነበር ማወቅ ለእያንዳንዱ የሠፈር ነዋሪ ትምህርት ይሆናል። በ1991 የቺሊው ፕሬዚዳንት ፓትሪሲዮ አይልዊን መንግሥት የማኅበሩን ሕጋዊ ሰውነት ቢሰርዝም ሼፈር ከወንበሩ አልተነቃነቀም። እንዲያውም ለአካባቢው ልጆች የተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት አዲስ የወጥመድ በር ሆነለት። በ1996 ግን አንድ ትንሽ ልጅ የደረሰበትን በደል በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በምሥጢር ለእናቱ ላከ። እናቲቱ ባለሥልጣን አይደለችም፤ ሀብትም የላትም። የልጅዋን ቃል አመነች፤ ልጅዋን አወጣች፤ ለመርማሪዎች አመለከተች። ሚኒስትሮችና ምክር ቤቶች ለሠላሳ ዓመት ያልገፉትን በር ልጅዋን ያመነች አንዲት እናት ገፋችው። ከእርሷ በኋላ ሌሎች ቤተሰቦችም ተከተሉ።

ሼፈር በ1997 ተሰወረ። በመጋቢት ወር 2005 በአርጀንቲና ተይዞ ወደ ቺሊ ተመለሰ። በ2006 በ25 ሕፃናት ላይ በፈጸመው ወንጀል የ20 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ ካሣ እንዲከፍልም ታዘዘ። በሚያዝያ 2010 በ88 ዓመቱ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ሠፈሩ ሲቆረቆር 10 ዓመት የሞላው ልጅ ይህ ፍርድ ሲሰማ የ55 ዓመት ሰው ነበር። ለዚያውም ፍርዱ የተሰጠው በ1990ዎቹ ለተበደሉት የቺሊ ልጆች ጉዳይ ነው። ከ1961 ጀምሮ በዚያ አጥር ውስጥ ያደጉት የጀርመን ተወላጆች ብዙዎቹ የራሳቸው መዝገብ ተከፍቶ፣ የራሳቸው ስም ተጠርቶ ፍርድ የሰሙበት ቀን የለም።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ቁም ነገር እንመጣለን። ሕፃን በደሉን ወዲያውኑ የማይናገረው ለምንድን ነው? የደረሰበትን ነገር የሚጠራበት ስም ስለሌለው ነው። በዳዩ በአምላክ ስም የሚናገር ሰው ስለሆነ ኃጢአተኛው ራሱ ሕፃኑ እንደሆነ ተደርጎ ስለሚነገረው ነው። ቢናገር የሚደርስበትን ቅጣት በጓደኞቹ ላይ ስላየ ነው። ከግቢው ውጭ ያለው ዓለም የጥፋት ዓለም ነው ተብሎ ስለተማረ፣ ቢወጣም የሚጠለልበት ስለማያውቅ ነው። ከወጣም በኋላ ኀፍረቱን አሸንፎ ለመናገር አሥርና ሃያ ዓመት ይፈጅበታል። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ለዚህ ነው። ሕጉ ግን በብዙ አገር የወጋውን መርሳት እንጂ የተወጋውን ማስታወስ ሲቆጥር አልታየም።

የይርጋ ሕግ ከንቱ ነው አንልም። ማስረጃ በጊዜ ብዛት ይጠፋል፤ ምስክር ይሞታል፤ ማንም ሰው ዕድሜ ልኩን በክስ ሥጋት ሊኖር አይገባም የሚለው ክርክር ክብደት አለው። ተከሳሽም ራሱን የመከላከል መብቱ ሊጠበቅለት ይገባል። ነገር ግን የይርጋ መነሻ «መብቱን መጠየቅ እየቻለ ዝም ያለ ሰው» የሚለው ሐሳብ ነው። ሕፃን መጠየቅ አይችልም፤ በዝግ ማኅበር ውስጥ የሚገኝ ሕፃን ደግሞ ከሁሉ የባሰ አይችልም። የማስረጃው ብርታትና ድክመት በፍርድ ቤት ውስጥ ተመዝኖ የሚለይ ጉዳይ ነው፤ ከመመዘኑ በፊት በሩን መዝጋት ግን ፍርድ አይባልም።

ይህን እውነታ የተረዱ አገሮች ሕጋቸውን ማሻሻል ጀምረዋል። ቺሊ በ2019 ባወጣችው ሕግ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም የወሲብ ወንጀል በይርጋ እንዳይታገድ ደንግጋለች። በጀርመን ከ2015 ጀምሮ የዚህ ዓይነት ወንጀል ይርጋ መቆጠር የሚጀምረው ተበዳዩ 30 ዓመት ሲሞላው ነው። እነዚህ ታላላቅ እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራምና አዲሱ ሕግ ለነገው ሕፃን እንጂ ለትናንቱ ሕፃን የሚደርስ አይደለም። ለትናንቱ ሕፃን መንግሥታት ሌላ መንገድ ሊከፍቱለት ይገባል። አውስትራሊያ ይህን መንገድ ሞክራለች። ከ2013 እስከ 2017 የሠራው የአገሪቱ የምርመራ ኮሚሽን፣ የሃይማኖት ድርጅቶችን ጨምሮ በልዩ ልዩ ተቋማት በልጅነታቸው የተበደሉ ከ8 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን በየግል ቀርቦ አዳመጠ። በ2018ም የካሣ ሥርዓት ተዘረጋ። የጎደለው ነገር ብዙ ቢሆንም «ተናገሩ፤ መንግሥት ይሰማችኋል» መባሉ በራሱ የፍትሕ መጀመሪያ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ድንበር ነው። ሼፈር ከጀርመን ሲሸሽ ቺሊ ጠለለችው፤ ከቺሊ ሲሸሽ አርጀንቲና ለዓመታት ተደበቀባት። የሠፈሩ ሐኪም የነበረው ሃርትሙት ሆፕ ደግሞ በ2011 በሕፃናቱ ላይ በተፈጸመው ጥቃት ተባባሪ ነው ተብሎ በቺሊ የ5 ዓመት እስራት ሲፈረድበት፣ ፍርዱ ከመጽናቱ በፊት ወደ ጀርመን ሄደ። በ2013 የቺሊ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን አጸናው። ጀርመን ግን የራሷን ዜጋ ለቺሊ አሳልፋ አትሰጥም። በ2017 የክሬፌልድ ፍርድ ቤት ቅጣቱ በጀርመን እንዲፈጸም ወሰነ፤ በ2018 የዱሰልዶርፍ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። በ2019 ዐቃቤ ሕግ በጀርመን የተከፈተውንም ምርመራ በማስረጃ እጥረት ዘጋ። ፍርድ ቤቶቹ የአገራቸውን ሕግ ተከትለው ወስነዋል፤ የተበዳዮቹ ጥያቄ ግን በሁለት አገሮች ሕግ መካከል ወድቆ ቀረ። የሕፃናት በደል የሁለት አገሮች ጉዳይ በሆነ ጊዜ፣ መንግሥታት ማስረጃቸውን አስቀድመው ካላስተባበሩ ድንበር ለበዳዩ ምሽግ ይሆናል።

ሦስተኛው የካሣ ጥያቄ ነው። የጀርመን ምክር ቤት በ2017 ባሳለፈው ውሳኔ መንግሥት ታሪኩን እንዲያጣራና ለተበዳዮቹ ርዳታ እንዲያዘጋጅ ጠይቋል። በ2019 በተደነገገው መሠረት ለእያንዳንዱ ተበዳይ እስከ 10 ሺህ ዩሮ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ ይህም ርዳታ እንጂ ሕጋዊ መብት እንዳልሆነ አብሮ ተገለጸ። አሥርት ዓመታት ያለ ደመወዝ የሠራ ሰው ሲያረጅ የጡረታ መዋጮ ስላልተከፈለለት ጡረታ የለውም። ልጅነቱን አጣ፤ ጉልበቱን አጣ፤ እርጅናውንም በችግር ይገፋል። ለዚህ ሰው የሚሰጠው ገንዘብ የቸርነት ስጦታ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። ለሠራው ሥራ ያልተከፈለው ዕዳ ነው። ዕዳ ደግሞ በመብት ይጠየቃል እንጂ በልመና አይለመንም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ እንወዳለን። ለፍርድ የሚቀርበው ሃይማኖት አይደለም። ምእመን በነፃነት የሚያመልክበት፣ ሲፈልግ የሚገባበት፣ ሲፈልግ የሚወጣበት እምነት ከዚህ ክስ ውጭ ነው። ተጠያቂው የእምነትን ስም ለብሶ ወላጅን ከልጅ የሚለይ፣ በር የሚዘጋ፣ ለማንም መልስ የማይሰጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በአማኙም ላይ ወንጀል ፈጽሟል፤ የአማኙን እምነት መሣሪያ አድርጎታልና። ስለዚህ ጥያቄው ከማንም በፊት የአማኙ ሊሆን ይገባዋል።

የሕፃናት መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1989 ሲጸድቅ አገሮች ሕፃናትን ከማናቸውም ጥቃትና የጉልበት ብዝበዛ ለመጠበቅ ቃል ገብተዋል። ቺሊ በ1990፣ አገራችን በ1991፣ ጀርመን በ1992 የስምምነቱ ተካፋይ ሆነዋል። ቃል የገባ መንግሥት ደግሞ ተቋሙ በጎ አድራጊ ስለሆነ ብቻ ከቁጥጥር ውጭ ሊያደርገው አይችልም። ሕፃናት የሚያድሩበት ማንኛውም ግቢ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ ለመርማሪ በሩ ክፍት ሊሆን ይገባል። ልጁን ለመጠየቅ የመጣ ወላጅ የሚመለስበት ግቢ ካለ፣ ያ ግቢ ወዲያውኑ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህ ጉዳይ ለሕግ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው እንዳልሆነ የፓራል ታሪክ ያስተምራል። ሠፈሩን ከበው የሚኖሩ ሰዎች አጥሩን አይተዋል፤ ውሾቹን ሰምተዋል፤ የማይስቁ ሕፃናትን አስተውለዋል። ሆስፒታሉ በነፃ ያክም ስለ ነበር ግን ምስጋና አፋቸውን ያዘው። የሠፈር ማኅበር አባልም ሆነ በፋብሪካ የሚውል ሠራተኛ ከዚህ የሚማረው አንድ ነገር አለ። ቸርነት ምርመራን አያስቀርም። ልጅ ሲናገር መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚያምነው ሰው ነው፤ ማጣራቱ የመርማሪው፣ ፍርዱም የዳኛው ሥራ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚናገር ጎልማሳም ቢሆን ያንኑ ልጅ ይዞ የመጣ ነውና «አሁን ምን አስታወሰህ?» ሊባል አይገባውም።

እኛ የምንጠይቀው የተለየ ችሮታ አይደለም። ሕፃኑ መናገር ያልቻለበት ዘመን ከይርጋ ቆጠራ ይውጣ። ለትናንት ተበዳዮች እውነቱ ተጣርቶ ይመዝገብ፤ ካሣቸውና ጡረታቸው በመብት ይረጋገጥ። መንግሥታትም በዳይ በድንበር እንዳይጠለል ማስረጃቸውን ያስተባብሩ። ሼፈር ተፈርዶበት ሞቷል። በእርሱ ግቢ ያደጉት ሕፃናት ግን አርጅተው ዛሬም መልስ ይጠብቃሉ። «በሕግ አምላክ!» ብለው ለመጮኽ አፋቸውን ሲከፍቱ ዕድሜያቸው የገፋ ቢሆንም፣ ጥሪው ያው የልጅነታቸው ጥሪ ነው። ሕግ ቆሞ ሊሰማቸው ይገባል።